ምዕራፍ ስድስት፦ ሚዛኑ ሲቆም

የዓይነት 2 ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ክብደት ቀንስ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ብዙዎች ይህን አያምኑም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት ቀበቶው ይላላል፣ ደረጃ መውጣቱ ይቀላል፣ ሚዛን ላይ መቆሙ ራሱ ደስ ያሰኛል። ስድስተኛው ወር ገደማ ሲደረስ ቁጥሩ ቀጥ ይላል። ሰውየው የሚበላው ያው ነው፣ የሚራመደውም ያው ነው፤ ሚዛኑ ግን አይነቃነቅም። አንድ ወር ይታገሣል፣ ሁለት ወር ይታገሣል፤ በሦስተኛው እንጀራው በግማሽ ይጨምራል፣ የማታው እግር ጉዞ ይቀራል፣ ቀጠሮው ይዘለላል። ቤተሰቡም፣ ሐኪሙም፣ ከሁሉም በላይ ራሱ ታማሚው የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ ወኔው ከዳው። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው ፍርዱ ተገልብጧል ብሎ ነው። መጀመሪያ የቆመው ሚዛኑ ነው፤ ወኔው የከዳው ከዚያ በኋላ ነው። ሚዛኑ ደግሞ ከሰውየው ጠባይ ጋር እምብዛም የማይገናኝ የራሱ ምክንያት አለው።

ከትልቁ ጥናት እንጀምር። ሉክ አሄድ የሚባለው የአሜሪካ ጥናት በ2001 ሲጀመር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 5,145 የዓይነት 2 ስኳር ታማሚዎችን መዝግቧል። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምናቸው ጋር ጥቂት ትምህርት አገኙ። የቀሩት ግማሾች ግን ሰው ሊመኘው የሚችለው ድጋፍ ሁሉ ተደረገላቸው ማለት ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ የሚሰበሰቡበት ቡድን፣ የምግብ ባለሙያ፣ በሳምንት 175 ደቂቃ የመንቀሳቀስ ግብ፣ ሲቀሩ ደውሎ የሚጠይቃቸው ሰው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ እነዚህኞቹ በአማካይ ከክብደታቸው 8.6 በመቶ ቀነሱ። ከዚያ ወዲያ ድጋፉ ሳይቋረጥ ከፊሉ ተመለሰ፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ጥናቱ ሲዘጋ በእጃቸው የቀረው ቅናሽ 6 በመቶ ነበር። በዚህ ቡድን ውስጥ ጎበዝም ሰነፍም፣ ባለትዳርም ብቸኛም፣ ሀብታምም ድኻም ነበር። የአማካዩ መስመር ግን መጀመሪያ ወርዶ፣ ቆሞ፣ ትንሽ ተመልሶ ወጣ። ሌሎች የክብደት ጥናቶችም በየአገሩ ይህንኑ የሚመስል መስመር ይሥላሉ። ጠባያቸው የተለያየ ሺህ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ሲቆሙ ምክንያቱን በየጠባያቸው ውስጥ መፈለግ፣ ዝናብ ሲጥል ለምን ረጠባችሁ ብሎ መንገደኛውን አንድ በአንድ እንደ መውቀስ ነው።

ዝናቡ ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ ተራ ሒሳብ ነው፤ የቀለለ አካል ለመኖርም ለመራመድም የሚያስፈልገው ምግብ ያንሳል፤ ስለዚህ በጥር ያከሳ ማዕድ በሐምሌ ክብደትን ባለበት ብቻ ይይዛል። ሁለተኛው መልስ ግን ከሒሳብ ይከፋል። በ1994 በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን አገኙ። ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት ይመነጫል፤ ሥራውም ጎተራው ምን ያህል እንደ ሞላ ለአንጎል መንገር ነው። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይቀንሳል፤ አንጎልም ረሃብ እንደ ገባ ቆጥሮ የምግብ ፍላጎትን ከፍ፣ የጉልበት ወጪን ዝቅ ያደርጋል። በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ሰዎችን ለአሥር ሳምንት በጥብቅ አመጋገብ አቆይቶ፣ ከዚያ ከአንድ ዓመት በኋላ ደማቸውን መረመረ። ሌፕቲናቸው አሁንም ዝቅ እንዳለ፣ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን አሁንም ከፍ እንዳለ፣ ሰዎቹም ከመነሻው ይልቅ እንደሚርባቸው ተገኘ። አመጋገቡ ካበቃ ዓመት ሆኖታል፤ ሰውነታቸው ግን አልረሳም።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ ማስረጃ መጨመር ይገባል፤ ስለ ቁርጠኝነት ከተጻፉት ምክሮች ብዙዎቹን ያስንቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ገደማ ከፊል ረሃብ ላይ አዋላቸው፤ የጦርነቱ ረሃብተኞች እንዴት ማገገም እንዳለባቸው ለማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ለሕሊናችን ስንል መሣሪያ አናነሣም ብለው የአገራቸውን ወቀሳ የተቀበሉ ነበሩ፤ ስለ ጽናታቸው ጥያቄ የለም። ክብደታቸው በሩብ ያህል ሲቀንስ ግን ቀን ስለ ምግብ ብቻ ማውራት፣ ሌሊት ምግብ በሕልም ማየት፣ የወጥ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ያዙ። ይህ ረሃብ ለሰላም ሲሉ መከራ የተቀበሉ ሰዎች የሚያቆሙት ካልሆነ፣ ከሥራ ደክሞት ገብቶ የልጆቹን ራት የሚያየው አባወራ እንዲያቆመው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። እርግጥ የኪስ ወጣቶች ቀጫጮች ነበሩ፤ ከመቶ ኪሎ ላይ አሥሩን የሚቀንስ ሰው እንደ እነርሱ አይራብም። ነገር ግን የሚጎትተው ገመድ ያው ነው፤ ልዩነቱ የጉተታው ኃይል ነው።

እስካሁን ያልነው ማንኛውንም ክብደት የሚቀንስ ሰው ይመለከታል። ስኳር ታማሚው ከዚህ ሌላ የራሱ ሸክም አለበት፤ ስለዚህ ጉዳይ ታማሚው በቂ ማብራሪያ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት ይመስለኛል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ስኳሩ ከሽንት ጋር ይፈሳል። የሚፈሰው ምግብ ነው። ሳይታወቅበት ለዓመታት ስኳሩ ከፍ ብሎ የኖረ ሰው የበላውን ከፊል በየቀኑ ሲደፋ ኖሯል ማለት ነው። መድኃኒት ሲጀምርና ስኳሩ ሲስተካከል ፍሳሹ ይቆማል፤ ያው ምግብ አሁን ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ክብደትም ይጨምራል። ኢንሱሊንም፣ በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ግሊበንክላማይድም ከዚህ በላይ ክብደት የመጨመር ጠባይ አላቸው፤ በ1998 ውጤቱን ያሳተመው ትልቁ የብሪታንያ የስኳር በሽታ ጥናት ከአሥር ዓመት ሕክምና በኋላ በመድኃኒት አጥብቀው ካልታከሙት ጋር ሲነጻጸር ኢንሱሊን የወሰዱት 4 ኪሎ፣ ግሊበንክላማይድ የወሰዱት 1.7 ኪሎ ጨምረው አግኝቷቸዋል። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ስኳሩ ድንገት የወረደበት ሰው ደግሞ ለማንሣት ጣፋጭ መውሰድ አለበት፤ ይህ ሕክምና ነው፣ ሆዳምነት አይደለም፤ ሆኖም ካሎሪ ነው። እንግዲህ ሥዕሉን ተመልከቱት፦ አንድ ሰው ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ስኳሩ ከ300 ወደ 140 ይወርዳል፣ ዓይኑንና ኩላሊቱን ያድናል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ከበሽታው ጋር በገጠመው ትግል አሸንፏል፤ ሚዛኑ ግን ተሸንፈሃል ይለዋል።

ለዚህ ነው ሚዛንን ክፉ ደመወዝ ከፋይ የምለው። ብርታት ደመወዝ ይፈልጋል። ሰው ውጤቱን የማያይበትን ሥራ ለረጅም ጊዜ አይሠራም፤ ይህ ድክመት አይመስለኝም፣ ጤናማ አእምሮ ነው። ሚዛን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከተገባው በላይ ይከፍላል። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ከክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚወርደው ኪሎ ጥቂት የማይባለው ውኃ ነው። ሰውየው ግን ስብ መስሎት በዚያው ፍጥነት የዓመቱን ያሰላል። በፔንሲልቬኒያ ተደርጎ በ1997 የታተመ ጥናት ይህን ስሌት ሰዎች ከሕክምናው በፊት ምን ያህል እንደሚያገዝፉት አሳይቷል። 60 ከልክ በላይ የወፈሩ ሴቶች ልትደርሱበት የምትፈልጉት ክብደት ስንት ነው ሲባሉ በአማካይ ከክብደታቸው 32 በመቶ መቀነስ እንፈልጋለን አሉ፤ 17 ኪሎ ብቻ ብንቀንስ እናዝናለን አሉ። ከ48 ሳምንት ሕክምና በኋላ በአማካይ 16 ኪሎ ቀነሱ። ሐኪም የሚደሰትበት ውጤት ነው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ግን ያሳዝነናል ካሉት ቁጥር እንኳ አልደረሱም። በዚህ መንገድ የተገኘ ድል እንደ ሽንፈት ተቆጥሮ ይጣላል።

ስኳር ታማሚው ግን ጤነኛው ወፍራም ሰው የሌለው ጥቅም አለው፤ ክብደት ከመቀነስ ጋር በተያያዘ በበሽታው ውስጥ ጥቅም የማየው እዚህ ብቻ ነው። ሌሎች ደመወዝ ከፋዮች አሉት። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ አለ፤ የደም ግፊት አለ፤ የሚዋጠው ኪኒን ቁጥር አለ። ከሁሉም ፈጣኑ የጣት ደም ምርመራ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ጭምር ከደም ስኳር ስለሚስብ፣ ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ የተራመደ ሰው ልዩነቱን በዚያው ሰዓት በመለኪያው ላይ ሊያየው ይችላል። ሚዛን ይህን ለማሳየት ወራት ይፈጅበታል፤ ምናልባትም አያሳይም። ለክርክር የሚነሣው ነገር ይታወቃል፦ የመለኪያው ወረቀት ውድ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ከገበያ ይጠፋል። እውነት ነው። ግን ይህ ዕለት ዕለት የሚደረግ ልኬት መሆን የለበትም፤ በወር አንድ ሳምንት ተመርጦ ከተራመዱበት ምሳና ካልተራመዱበት ምሳ በኋላ ያለውን ሁለት ቁጥር ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። መለኪያ ጨርሶ ለሌለውም ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ ጥማቱ እንዴት እንደ ሆነ፣ ቀበቶው ስንተኛ ቀዳዳ ላይ እንደሚታሰር መጻፍ ይቻላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ግን እንቅስቃሴውን ሲጨምር ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር መጀመር የለበትም።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል፣ መነሣትም አለበት። ሉክ አሄድ በ2012 ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ የቆመው የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደማይቀንስ ስለታየ ነው። ታዲያ ለልቡ ካልረዳው ስለ ሌላ ደመወዝ የምናወራው ሰውን ለመሸንገል አይደለምን? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የልብ ሕመም ባይቀንስም ሌላው ቀንሷል፤ የከሱት ጥቂት መድኃኒት ወሰዱ፣ ኩላሊታቸው ያነሰ ተጎዳ፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ቀለላቸው፣ የድብርት ምልክት አነሰባቸው፣ እያረጁ ሲሄዱም እንደ ልብ መንቀሳቀስ ቻሉ። ሰባ ዓመት የሞላቸው እናት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው መመለስ መቻላቸውን ከልብ ሕመም ስታቲስቲክስ ያነሰ ነገር ነው የሚል ሰው፣ እናቱን ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ራሱ የኔን ክርክር ያጠናክራል። ኪሎ ብቻውን የጤና መለኪያ ቢሆን ኖሮ በልብ ላይም መታየት ነበረበት። ሁለቱም ቡድኖች የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን ይወስዱ ነበር፤ ልብን በመጠበቅ ረገድ ኪኒኑ የራሱን ድርሻ ይዟል። ስለዚህ ስለ ሚዛኑ ተስፋ ቆርጦ ኪኒኑንም የሚተው ሰው የሚያጣው ከክብደቱ ይልቅ ኪኒኑን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል፦ ለምን ትንሽ ተስፋ ታስተምራለህ፣ በሽታው ራሱ ወደ ኋላ ሊቀለበስ ይችላል እየተባለ? ዳይሬክት የተባለው የብሪታንያ ጥናት በ2017 ያሳተመው ውጤት በእርግጥ አስደናቂ ነው። በሽታው ከታወቀ ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎች ለሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ በሚሰጥ በሚጠጣ ምግብ ብቻ ኖሩ። ከዓመት በኋላ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ሆነ፤ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ደግሞ 86 በመቶው። በሁለተኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 ወረደ፤ የሚያፈገፍገውም በአብዛኛው ክብደቱ የተመለሰበት ነው። ይህ እውነተኛ ተስፋ ነው፤ በሽታው በቅርብ የታወቀለት ሰው ሐኪሙን ሊጠይቅበት ይገባል። ሆኖም ሰዎቹ እንዴት እንዳደረጉት ማየት ያስፈልጋል። ኪኒናቸውን በመጀመሪያው ቀን ያስቆማቸው ሐኪም ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚያዩዋቸው የሠለጠኑ ነርሶች ወይም የምግብ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዛሬ ምን ልብላ የሚለው ጥያቄ ጭራሽ ከቤታቸው ወጥቶ ነበር። ያን ሁሉ ኪሎ የቀነሰው ዝግጅቱ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ምግብ ቢያቆምና ግሊበንክላማይዱን ቢቀጥል ግን ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ስለ ዝግጅት ካነሣን፣ ለአማርኛ አንባቢ ከሚኒሶታም ከብሪታንያም የቀረበ ማስረጃ አለ፤ ጾም። ራሴን መግዛት አልችልም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሁዳዴን 55 ቀን ሥጋና ወተት ሳይቀምስ የሚያሳልፍ፣ ወይም ረመዳንን ሠላሳ ቀን ከንጋት እስከ ማታ ውኃ የማይጠጣ ሰው ነው። ይህ ሰው ወኔ የለውም ማለት አይቻልም። ታዲያ በጾሙ የሚችለው በሐኪም ትእዛዝ የማይችለው ለምንድን ነው? ሃይማኖት ነዋ ይባላል፤ ትልቁ ምክንያት እርሱ መሆኑን አልክድም። ከእምነቱ ጋር አብሮ የሚሠራውን አደረጃጀት ግን ልብ እንበል። ጾመኛ በየማለዳው ልጹም አልጹም ብሎ አይወስንም፤ ቀኑን የወሰነለት ባሕረ ሐሳብ ነው። ወጥ ቤቱ ራሱ ይጾማል፤ ሥጋ አይገዛም፣ ቅቤው ይቀመጣል። ጎረቤቱም ይጾማል፤ ብላ እያለ የሚያስቸግረው የለም። አንድ ቀን ቢሳሳት ጾሙ ፈረሰ ብሎ እስከ ፋሲካ አይፈስክም፤ ንስሐ ገብቶ ይቀጥላል። በአንጻሩ የስኳር ታማሚው አመጋገብ በየጉርሻው አዲስ ውሳኔ ይጠይቃል፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ አሥር እጅ በሚዘረጋበት ቤት ማን ምን ያህል እንደ በላ ባለቤቱም አያውቀውም፤ አንድ ሰርግ ላይ ከሳተ ደግሞ ወሩ ሁሉ እንደ ተበላሸ ይቆጥራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1990ዎቹ ያሳየው ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው፦ እቀንሳለሁ ብሎ ከመወሰን ይልቅ እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ ሰውን ወደ ድርጊት ይወስደዋል። ቡና ሲፈላ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ እንጀራዬ ከማዕዱ ተለይቶ በሳህን ይቀርብልኛል፤ ከራት በኋላ ጫማዬን ሳላወልቅ ሰፈሩን አንድ ዙር እዞራለሁ። ስለ መሳሳቱም ቢሆን በለንደን በ2010 የታተመ የልማድ ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ሥር እምብዛም እንደማይነካ አሳይቷል። በዚያው ጥናት አንድ አዲስ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ ከሁዳዴ ትንሽ ይበልጣል። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቃው፤ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ተገምቷል።

ጾም መጨረሻ አለው፣ ስኳር በሽታ ግን የለውም የሚል ካለ ልክ ነው። ግን ጾማችንም ቢሆን አንድ ጊዜ ተጹሞ የሚቀር አይደለም፤ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ በየዓመቱ ፍልሰታ አለ፤ በመካከሉም ፍስክ አለ። ማለቂያ የሌለውን ነገር ሰው የሚችለው እንዲህ ወቅት ወቅት አድርጎ ሲቆርጠው ነው። ሦስት ወር የመቀነሻ፣ ሦስት ወር የመያዣ ብሎ ዓመቱን ለከፈለ ሰው የሚዛኑ መቆም ሽንፈት መሆኑ ይቀርና የያዝነው ወቅት ስም ይሆናል። ጾሙን ራሱን የክብደት መቀነሻ ለማድረግ ግን አልመክርም፤ ሽሮና እንጀራ፣ ፓስታና ዳቦ የሞላበት የጾም ማዕድ የስኳር ታማሚን ሸክም ሊያከብደው ይችላል። በኢንሱሊን ወይም በግሊበንክላማይድ ላይ ያለ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን መዋሉ ደግሞ አደገኛ ነው። ሕመምተኛን የሚያቃልል ሥርዓት በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም አለ፤ የንስሐ አባትንና ሐኪምን በአንድ ጉዳይ ማማከር ነውር የለበትም።

ከሁሉም የሚከብደው ደመወዝ በሰው ዓይን የሚከፈለው ነው። ወፈርክ ሲባል ተመቸህ ማለት ነው፤ ከሳህ ሲባል ደግሞ ምን ነካህ ማለት ነው። ይህ ቋንቋችን ውስጥ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም፤ ረሃብ ያየ አገር ነው፤ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሳይኖረው የከሳ ሰው በሹክሹክታ የሚሸኝበት ዘመንም ገና ከአእምሮ አልጠፋም። ስለዚህ አሥር ኪሎ የቀነሰች ሴት በሐኪሟ ፊት ትመሰገናለች፤ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ግን ሦስት ሰው እጇን ይዞ በኀዘን ዓይን ያያታል፤ እቤቷ ስትመለስ እናቷ በሞቴ እያሉ ያጎርሷታል። ምዕራባውያን የጻፏቸው የክብደት መጻሕፍት የመንደሩን ጭብጨባ እንደ ደጋፊ ይቆጥሩታል፤ እኛ ዘንድ መንደሩ የሚያጨበጭበው ለወፈረው ነው። ይህን በብቻ ቁርጠኝነት መጋፈጥ አያዋጣም። ቢያንስ አንድ የቤተሰብ ሰው፣ በተለይ ወጥ የሚሠራው፣ ወደ ቀጠሮው አብሮ ሄዶ ቁጥሮቹን ከሐኪሙ አፍ ቢሰማ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ስኳሯ ወርዷል የሚለውን ዜና ለእንግዳው የሚያወራው እርሱ ይሆናል። ከሳሽ የሚለውን የሚመክት ከራሷ አፍ ይልቅ የሌላ ሰው አፍ ነው።

በክብደት መቀነሻ መርፌዎች ዘመን ስለ ብርታት መጻፍ ጊዜው አልፎበታል የሚልም ይኖራል። ሴማግሉታይድ ስኳር በሽታ የሌለባቸውን ሰዎች በ68 ሳምንት ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል አስቀንሷል፤ የዓይነት 2 ታማሚዎችን ግን በተመሳሳይ መጠንና ጊዜ 9.6 በመቶ ብቻ። ያው መርፌ፣ ያው መጠን፤ ስኳር ታማሚው በመድኃኒት እንኳ የሚቀንሰው ያንሳል። ሰነፍ ሲባል ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር ያለ አይመስለኝም። መርፌው ሲቆም ደግሞ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው በዓመት ውስጥ ተመልሷል። አቅሙ ላለውና ሐኪሙ ላዘዘለት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለብዙው አንባቢ ዋጋው ገና ሩቅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ምናልባት መጀመሪያ መባል ነበረበት። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ መቀነስ የለበትም። በአገራችን ቀጭን ሆነው ስኳር የያዛቸው ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ይህ ምዕራፍ አልተጻፈም። ሳያስበው እየከሳ ያለ፣ ከዚያም ጋር የሚጠማውና ሽንት የሚያበዛ ሰው ደስ ሊለው አይገባም፤ ስኳሩ ከቁጥጥር ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ወኔ ጠፋ የሚባለውም ራሱ አንዳንዴ በሽታ ነው። ስኳር ታማሚዎች በድብርት የመያዛቸው ዕድል ከሌላው ሰው እጥፍ ገደማ ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚቆራርጥ እንቅልፍም ሰውን ያደክማሉ፣ ያወፍራሉ። ማለዳ ከአልጋ መነሣት ለሳምንታት የከበደውን ሰው በርታ ማለት እግሩ የተሰበረን ሩጥ እንደ ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው ምርመራ ነው።

ስለ ሚዛንና ስለ ደመወዝ ያነሣነውን ክርክር ከማንም በላይ የሚደግፈው ጥናት ስኳራቸው ከፍ ማለት ጀምሮ ገና በሽታው ያልያዛቸውን 3,234 አሜሪካውያን የተከታተለው ነው። በ2002 በታተመው ውጤት ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ተመክረው የተደገፉት ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን ከወሰዱት ሰዎች በ58 በመቶ አነሰ፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። ሰባት ኪሎ ከመቶ ኪሎ ነው፤ ዘመድ እንኳ ላያስተውለው ይችላል። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ክብደቱ አብዛኛው ተመለሰ። ተመራማሪዎቹ በ2009 የአሥር ዓመቱን ሒሳብ ሲያወጡ ያ ቡድን ከመነሻው የቀለለው በሁለት ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ሚዛን ላይ ቆመው ያን ቁጥር ያዩት ሰዎች ምን እንዳሰቡ መገመት አይከብድም። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ግን በስኳር በሽታ የተያዙት አሁንም አስመሳይ ኪኒን ከወሰደው ቡድን በ34 በመቶ ያነሱ ነበሩ።